አመድ የሸፈነው መሹለኪያ

ጡረታ የወጣሁ ለት ጋቢ አልብሰው፣ ዳቦ አስቆርሰው፣ አጨብጭበው ሸኙኝ። አለቃችን ተነስቶ «የጋሽ ጴጥሮስ እጅ ያላረፈበት የሀዋሳ አጥር የለም» ብሎ ንግግር አደረገ። ልጁ ደግ ነው፣ እግዜር ይስጠው፤ ግን ከተማዋን ዞር ብሎ ያያት አይመስለኝም። የኔ አጥር የቱ ጋ ቀረና? ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ካለው ቤቴ በር ላይ ወንበር አውጥቼ ስቀመጥ የማየው ብሎኬት ነው። ብሎኬት፣ በላዩ የጠርሙስ ስብርባሪ፣ በዚያም ላይ ጥቅልል ሽቦ። ጎረቤቴ ሲያስነጥሰው እሰማለሁ እንጂ መልኩን ካየሁት ሰነበትኩ። ይማርህ ልበለው ብል በግንብ ላይ ልጩህ?

ሌላ ሙያ የለኝም፤ ሥራዬ አጥር ማጠር ነበር። የመንግሥት እርሻ፣ የችግኝ ጣቢያ፣ መናፈሻ፣ የትምህርት ቤት ግቢ፣ የከብት በረት፣ የቱን ልቁጠር? ቋሚ ስተክልና ሽቦ ስወጥር ወገቤ ጎበጠ። ደመወዙን ተዉት፣ አይወራም። ቢሆንም ሥራዬን እወደው ነበር፤ እስከዚያ ቃጠሎ ድረስ። ስለዚያ ቃጠሎ ለሚስቴ እንኳ በቅጡ አላወራሁም። ሰሞኑን ሁለት የሰፈር ወጣቶች መጥተው ባይቀሰቅሱብኝ ዛሬም ዝም እል ነበር።

አንደኛዋ ሰላም ትባላለች፤ የጎረቤት ልጅ ናት፣ ስትወለድ አውቃታለሁ። የበጎ ፈቃደኞች ካኔቴራ ለብሳ መጣች።

«ጋሼ፣ ሰደድ እሳቱን ሰምተዋል አይደል? ከተራራው ጀርባ የገበሬዎቹን አጥር ጠራርጎ በላው እኮ። ከርከሮውም ከብቱም እንሰታቸው ውስጥ ገባ። ቅዳሜ ሄደን ልናጥርላቸው ነው፤ እርስዎ ደግሞ ሙያውን ያውቁታል።»

«ሰምቻለሁ።»

«በአንድ ቀን ነው የምንጨርሰው! ሰው ብዙ ነን።»

«በአንድ ቀን» ስትል ያኔ የተቻኮልነው ትዝ አለኝ። ፊቴ ተለዋውጦ ነው መሰለኝ ልጅቷ ደንገጥ አለች። አስብበታለሁ ብዬ ሸኘኋቸው። ያን ለት ምሳዬንም በቅጡ አልበላሁም።

ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሽ ሸምሱ ናቸው። ከወላይታ ገጠር መጥቼ መናኸሪያ ስወርድ ጎረምሳ ነበርኩ፤ የማውቀው ሰው አልነበረም። የመንግሥት እርሻ ቀን ሠራተኛ ይፈልጋል ሲባል ሰምቼ ሄድኩ፤ የአጥር ሠራተኞቹ አለቃ እሳቸው ነበሩ። የስልጤ ሰው ናቸው። ወንድሞቻቸው መናኸሪያ አካባቢ ሱቅ ከፍተው ሲያልፍላቸው እሳቸው ዲጂኖ ይዘው ቀሩ። ለምን አልነገዱም ሲባሉ «ሰው ዋጋ ቀንስልኝ ሲለኝ አፍራለሁ፤ ከስሬ እቀራለሁ» ይሉ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ላይ እኔ ጉልበቴን ላሳይ ቸኩዬ ዲጂኖ አነሳሁ። «አስቀምጥ» አሉኝ። ከኪሳቸው ቆሎ አወጡ፣ ለኔም ዘገኑልኝ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ረፋዱን ሙሉ ቁጭ ብለን ቀረን። እኔ በልቤ፣ ሰነፍ ሽማግሌ ላይ ጣለኝ አልኩ። ኋላ ነው የገባኝ። የሚያዩት መሬቱን ነበር። ሣሩ የት ጋ እንደተረገጠ፣ አፈሩ የት ጋ እንደጠነከረ፣ ውኃ የምትቀዳ ሴት በየት እንደምትቆርጥ፣ ጥጃው እናቱን ሲያይ በየት እንደሚሮጥ። ከዚያ ተነስተው ሲባጎ ዘረጉ፣ ችካል መቱ። ሰው የሚመላለስበት ቦታ ሲደርሱ ሁለት ቋሚ አጠጋግተው ተከሉና በመሃላቸው መሹለኪያ ተዉ፤ ሰው በጎኑ ሸርተት ብሎ ያልፋል፣ ከብት አያልፍም።

«ጴጥሮስ፣ አጥር የምናጥረው ለከብት ነው» አሉኝ። «ሰውማ ምን አጠፋ?»

ሌላም ልማድ ነበራቸው። መሬት የሚገባውን የቋሚውን ጫፍ እሳት ላይ እያገላበጡ ያጠቁሩታል፤ ምስጥ የከሰለ እንጨት አይወድም። ከዚያ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀቡታል። ሽቦውን በዲጂኖ ጠምዝዘው ከወጠሩ በኋላ በፒንሳ ጀርባ ነካ ያደርጉና ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። ድምፁ ካላማራቸው ፈተው እንደገና ይወጥራሉ። ሲፈቱ ደግሞ የተወጠረ ሽቦ በፍጹም አይቆርጡም፤ መጀመሪያ ያላላሉ። የተወጠረ ሽቦ የቆረጠ ሠራተኛ ካዩ በስንት ዓመት አንዴ የምትወጣዋ ቁጣቸው ትወጣ ነበር። «ዓይንህን ልታጠፋ ነው? ምን ሆነሃል?» ይላሉ፤ ከዚያ ራሳቸው አፍረው ሻይ ይጋብዙታል።

መንግሥት ሲለወጥ እርሻው ፈራረሰ። እኔንና ጋሽ ሸምሱን አንድ የከተማ መሥሪያ ቤት ወሰደን፤ ስሙን ልተወው። አለቃችን አቶ ተካልኝ ቀጥ ያለ ነገር የሚወድ ሰው ነበር። ጠረጴዛው ላይ እስክርቢቶዎቹ እንኳ ተሰልፈው ነው የሚቀመጡት። አንድ ጊዜ ከአሞራ ገደል ወዲህ ያለ ሐይቅ ዳር ሜዳ አጥሩ ተባልን። ጋሽ ሸምሱ እንደልማዳቸው ተቀምጠው ቆሏቸውን ቆረጠሙና አሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ተሸክመው የሚያቋርጡበት ቦታ ላይ መሹለኪያ ተዉ። አቶ ተካልኝ መጥቶ ሲያይ ደሙ ፈላ።

«ይሄ ምንድነው? አጥር ነው ወይስ ወንፊት?»

«ጌታዬ፣ ሰዎቹ ድሮም በዚህ ነው የሚያልፉት።»

«ከዛሬ ጀምሮ አያልፉም! ይዘጋ!»

ዘጋን። በማግስቱ ስንመጣ ሽቦው ተቆርጧል። አሰርነው፤ እንደገና ተቆረጠ። አቶ ተካልኝ ዘበኛ አቆመ፤ ዘበኛው ራሱ ለካ የአሣ አጥማጅ ወንድም ኖሯል። በመጨረሻ አለቃችን ወደ ሌላ ቢሮ ተዛወረ፣ መሹለኪያውም ተከፈተ። ጋሽ ሸምሱ ያን ለት እስኪያስላቸው ሳቁ። ያን ሳቅ ሳስታውስ ነው የኋላው ይበልጥ የሚከብደኝ። አሣ አጥማጆቹ ደፋሮች ነበሩ፤ ያልተመቻቸውን ቆርጠው ጣሉ። ሰው ሁሉ ግን እንደነሱ አይደለም።

ቃጠሎው የደረሰው ከሚሌኒየሙ በፊት፣ ባጃጅ ገና ከተማዋን ሳያጥለቀልቃት ነው። ጋሽ ሸምሱ ጡረታ ወጥተው ነበር። በጋው ከረረ፣ ሣሩ ደረቀ፣ አንድ ቀን ከባሕር ዛፉ ጫካ የተነሳ እሳት በነፋስ እየተገፋ ቁልቁል ወደ ገበሬዎቹ ማሳ ወረደ። አብዛኞቹን ቤቶች ሰው ተረባርቦ አተረፋቸው፤ አጥር ግን አንድ አልቀረም። የቀርከሃውም፣ የእንጨቱም፣ የቁጥቋጦውም ነደደ።

ከተማው ተነሳ። እውነቴን ነው፣ እንደዚያ ያለ ኅብረት አላየሁም። የመናኸሪያ ነጋዴዎች ሽቦ ሰጡ፤ የኛ ቤተ ክርስቲያን ወጣቶች መዝሙር እየዘመሩ አይሱዙ ላይ ወጡ፤ የመስጊዱም ልጆች ቋሚ ተሸክመው መጡ። ጋሽ ሸምሱ ፒንሳቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው ከሁሉም ቀድመው ቆመው አገኘኋቸው። «ጡረታ ለሰነፍ ነው» አሉኝ እየሳቁ።

መንደሩ ስንደርስ ግን ሳቁ ጠፋ። መሬቱ ሁሉ አመድ ነው፤ ጫማ ይውጣል። እንሰቱ ቅጠሉ ተለብልቦ ግንዱ ቆሟል። ለኛ የደረሰን የሁለት ጎረቤታሞች ግቢ ነበር። አንዱ የእማማ ቡርቱካን ነው፤ አሮጊት ናቸው፣ ልጆቻቸው ርቀው ሄደው ሣር ክዳን ቤታቸው ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ፣ እግራቸው አይታዘዝም። ሌላው የላንቃሞና የሚስቱ የአስቴር ነው።

ጋሽ ሸምሱ እንደልማዳቸው ተቀመጡ። ቆሏቸውን አወጡ። ግን ምን ይዩ? የተረገጠ ሣር የለም፣ የጠነከረ አፈር አይታይም። አመዱ ሁሉንም አንድ አድርጎታል። ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ግራና ቀኝ ካዩ በኋላ ቆሎውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ተነስተው በሲዳምኛ ጠየቋቸው፤ ከገበያ የተማሯት ሲዳምኛ ነበረቻቸው። እማማ ቡርቱካንን፣ «እማማ፣ ከጎረቤትዎ ጋር በየት ነው የምትገናኙት?» አሏቸው።

አሮጊቷ የጋሽ ሸምሱን እጅ ይዘው ሳሙ። «ኧረ እናንተ ብቻ ኑሩልኝ! እናንተ ባላችሁት ይሁን!»

ላንቃሞን ጠየቁት። አንገቱን ደፍቶ «እንደተመቻችሁ፣ ጋሼ» አለ። አስተባባሪው መኪናው ሳይመሽ መመለስ አለበት እያለ ይወተውተናል። ከርከሮው ደግሞ የተረፈውን እንሰት ሥሩን እየቆፈረ ነው። ጋሽ ሸምሱ ትንሽ አመነቱና ሲባጎውን ከጥግ እስከ ጥግ ቀጥ አድርገው ዘረጉ። አምስት መስመር እሾሃማ ሽቦ ወጠርን፤ ታችኛውን ከርከሮ እንዳይገባ መሬት አስጠጋነው። በሕይወታቸው እንደዚያ ያማረ አጥር አልሠሩም። በፒንሳው ነካ አድርገው ሲያዳምጡ ፊታቸው በራ። አስቴር በየተራ እጃችንን አስታጠበችን፣ ቆጮ በጎመን አቀረበችልን፤ መርቀውን ሸኙን።

ክረምቱ ሳይገባ ወሬው ደረሰኝ። እማማ ቡርቱካን ሞቱ። አንድ ጠዋት ምድጃቸው ላይ ከነበረው እሳት ፍንጣሪ ወደ ሣሩ ክዳን ዘልሏል። አሮጊቷ ጮኹ። ላንቃሞና አስቴር ሰምተው ወጡ፤ ዕድሜ ልካቸውን በሮጡበት በኩል ሮጡ። ድሮ በቀርከሃው አጥር መሃል መሹለኪያ ነበረች፤ አስቴር ጠዋት ማታ ለአሮጊቷ ውኃና ምግብ የምታመላልስባት። ሽቦው ላይ ደረሱ። ላንቃሞ በእጁ ሊለያየው ታገለ። እንዴት ይለያይለት? የጋሽ ሸምሱ ውጥር ነው! በመንገዱ በኩል ዞረው ሲደርሱ ጣሪያው ወርዷል። ከዚያ ሁሉ የተራራ እሳት የተረፉት ሴት በገዛ ምድጃቸው እሳት፣ ከጎረቤት ደጅ ጥቂት እርምጃ ርቀው ሞቱ።

ለቅሶ ሄድን፣ እኔና ጋሽ ሸምሱ። ላንቃሞ ሁለት እጁ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከድንኳኑ ወጥቶ ተቀበለን። አጎንብሶ ሰላም አለን፤ አስቴር ወንበር አመጣችልን። ቢሰድቡን በወደድኩ።

ጋሽ ሸምሱ መቀመጥ አልቻሉም። «ላንቃሞ፣ ጠይቄህ አልነበረም ወይ? ለምን አልነገርከኝም?»

ላንቃሞ የተጠቀለሉ እጆቹን አየ። «ጋሼ፣ እኛን ብላችሁ ከከተማ መጣችሁ። ሽቦውም የናንተ፣ ጉልበቱም የናንተ። እዚህ ጋ አልተመቸኝም እንዴት ልበል? አስቴር ልትናገር ነበር፤ ዝም በይ፣ ነውር ነው አልኳት። እናንተ ስትሄዱ በኋላ ቀስ ብዬ እከፍተዋለሁ ብዬ ነበር። ከዚያ ደግሞ የሰው ልፋት ማበላሸት ሆነብኝ። ዛሬ ነገ ስል...» አስቴር ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወትፋ ታለቅስ ነበር።

ይሉኝታ ይሉታል። እኔም ውስጥ አለ፤ አንጀቴ ድረስ የገባ ነው። ሰው ቤት የተሰጠኝ ወጥ ጨው ቢበዛበት ጣፋጭ ነው ብዬ እበላለሁ። ማን ሰው ይህን ጥፋት ብሎ ይቆጥረዋል? እኛ ለማገዝ ሄድን፣ እነሱ ላለማስቀየም ዝም አሉ፣ በመሃል አንዲት አሮጊት ተቃጠሉ። ማንን ልርገም? ብዙ ዓመት የምረግመው ሰው ፈልጌ አጣሁ።

ጋሽ ሸምሱ ተነስተው ወደ አጥሩ ሄዱ። ተከተልኳቸው። ሽቦው ላይ የላንቃሞ ሸሚዝ ብጫቂ ተሰክቶ ቀርቷል። ፒንሳቸውን አወጡ። «ጋሼ፣ መጀመሪያ ላላላው» አልኳቸው፤ አልሰሙኝም። የላይኛውን የተወጠረ ሽቦ በአንድ ንክሻ ቆረጡት። እየተወረወረ መጥቶ ጉንጫቸውን ሸረከተው። ደሙን ሳይጠርጉ ሁለተኛውን ቆረጡ፣ ሦስተኛውን፣ እስከ መጨረሻው። ዕድሜ ልካቸውን የከለከሉንን ነገር አደረጉ።

ላንቃሞ ከኋላችን ቆሞ ነበር። ቀስ ብሎ፣ ያለ ቁጣ፣ «ጋሼ፣ ከእንግዲህ ማን ሊያልፍበት?» አለ።

ጋሽ ሸምሱ ከዚያ በኋላ ፒንሳ አልጨበጡም። ቤታቸው ልጠይቃቸው ስሄድ ስለ ሌላ ነገር ስናወራ ስናወራ ቆይተው ድንገት «ጠይቄያቸው ነበር እኮ ጴጥሮስ» ይላሉ። «አዎ ጋሼ፣ ጠይቀዋል» እላለሁ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ጠይቄያቸው ነበር እኮ።» በመጨረሻ ታመው ሲተኙ ፒንሳውን ለጴጥሮስ ስጡት ብለው ለልጃቸው ነገሩ። ቀብራቸው ላይ የመናኸሪያ ነጋዴ ሁሉ ወጣ። ደግ ሰው ነበሩ ሲሉ ሰማሁ። ልክ ነው፣ ደግ ነበሩ፤ ደግነታቸው ግን አላስተኛቸውም።

እንግዲህ ሰላም የቀሰቀሰችብኝ ይህን ነው። አልሄድም ብዬ ወስኜ ነበር። አርብ ለት ግን ሳላስበው ሳጥኔን ከፍቼ የጋሽ ሸምሱን ፒንሳ ዘይት ቀባሁት። ቅዳሜ አይሱዙው ላይ ከነጉልበት ሕመሜ ወጣሁ። ወጣቶቹ ይዘምራሉ፣ ይሳሳቃሉ። እኔ እንደ ለቀስተኛ ተቀምጫለሁ።

ያው አመድ፣ ያው የተለበለበ እንሰት። ግቢዋን የምናጥርላት ሴት ምሕረት ትባላለች፤ ጎልማሳ ናት፣ ባሏ ለሥራ ርቆ ሄዷል። እኔ ደግሞ ጠየቅኋት። «ልጄ፣ በየት በየት ነው የምትተላለፉት?»

ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ፈገግ አለች። «እንደፈቀዳችሁ አባባ። እናንተ ካላችሁት ምን ይወጣል?»

ቃሉ ከእማማ ቡርቱካን ጋር አንድ ነው። ዞር ብዬ ሳይ ወጣቶቹ ዲጂኖ አንስተው ትእዛዜን ይጠብቃሉ። ያን ጊዜ አንድ ነገር መጣልኝ፤ ከየት እንደመጣ እንጃ። ሲባጎውን አነሳሁና በቤቷ በር ፊት ለፊት፣ ከደጃፏ ክንድ የማይሞላ ርቀት ላይ ዘረጋሁት። ችካል መታሁ።

«ጋሼ!» አለች ሰላም በጆሮዬ። «በሯን ዘጋንባት እኮ! ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ። አትናገሪ።»

ምሕረትን አየኋት። አየችኝ። ፈገግታዋ ትንሽ ተሰነጠቀ። በሯ ላይ ሽቦ ሊወጠር ዝም አለች! ዲጂኖውን ተቀብዬ ጉድጓድ ጀመርኩ። ላቤ ይንጠፈጠፋል። ወጣቶቹ ሽማግሌው ጃጀ ብለው ይተያያሉ። ሲባጎውን አጥፌ በጎን በኩል፣ በሷና በጎረቤቷ ቤት መሃል ወሰድኩትና ሌላ ችካል መታሁ። «እዚህም ይዘጋ!» አልኩ ጮክ ብዬ። «አምስት መስመር! ወፍ እንዳያልፍ!»

«ኧረ አባባ!»

ድምፁ ከኋላዬ መጣ። ምሕረት ነጠላዋ ከራሷ ላይ ወድቆ እየሮጠች መጣችና ችካሉን በእግሯ መትታ ነቀለችው። «ምን ነካዎት? አማቴ እዚያ ቤት አልጋ ላይ ናት! ምግቧን በየት ልውሰድላት? በሬንስ ዘግተው እኔን የት ሊያደርጉኝ ነው? ዓይን የለዎትም ወይ?»

እሷም ያለችው ነገር የገባት በኋላ ነው፤ ደንግጣ አፏን ሸፈነች። «ይቅርታ አባባ። አፌ ነው። ለኛ ብላችሁ መጥታችሁ...»

«የምን ይቅርታ!» አልኩ። «ጨምሪልኝ። ሌላም የሚናደድ ሰው ካለ ይምጣና ይናደድብኝ።» እንባዬ መጣ፤ በአመድ እጄ ስጠርገው ፊቴ ጠቁሮ ሰላም ደንግጣ ውኃ አመጣችልኝ።

«አሁን መንገድሽን አሳዪን» አልኳት ምሕረትን። «በአፍሽ አይደለም፣ ሂጂበት።»

ከበሯ ተነስታ ወደ አማቷ ቤት ሄደች፤ ዳናዋ አመዱ ላይ አንድ በአንድ ታተመ። ዳናዋ አጥሩን በሚያቋርጥበት ቦታ ግራና ቀኝ ሁለት ቋሚ ተክለን መሹለኪያ ተውን። ጋሽ ሸምሱ ያን ለት አመዱ ላይ ተቀምጠው የፈለጉት እንዲህ ያለውን ዳና ነበር፤ የሚቆጣቸው ሰው አጥተው ሳያዩት ሄዱ።